እማማ፣ ውጭ ይጠብቁን

ቡራዩ ውስጥ ሰው ሲታመም ከደሙና ከሽንቱ በፊት የሚሰበሰበው ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ታላቅ ወንድም ነው፤ እሱ ከሌለ መኪና ያለው ዘመድ ይተካዋል። ጸሐፊዋ ራጁንና ካርዱን በፌስታል ይዛ የምትዞረው ሴት ልጅ ናት። ገንዘብ ያዡ ብዙ አይናገርም፤ ከተናገረ ግን ውይይቱ አለቀ ማለት ነው። ያንኑ በሽታ ታሞ የዳነ፣ ወይም በዚያው በሽታ አማቱ የሞተችበት ጎረቤት በባለሙያነት ይጋበዛል። ከአሜሪካ የሚደውለው አጎት ደግሞ ውሳኔ የመሻር ሥልጣን አለው። ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ሆስፒታል የሚያውቀው ተሳፋሪ ሲያደርስ ብቻ ይሆናል። ነገር ግን «እዚህ አገር እንደዚያ አይደረግም» ካለ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ይፈርሳል። የእድሩ ዳኛም በታዛቢነት ይገኛሉ። ለምን እንደመጡ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አይጠይቃቸውም።

በዚህ ሁሉ ስብሰባ ላይ ወንበር የማያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም በሽተኛው ነው።

ሰበታም ያው ነው፤ ሱሉልታም። የሰበታው ኮሚቴ በጅማ መንገድ ዓለም ገናንና ወለቴን አልፎ፣ የቡራዩው በአስኮ በኩል፣ የሱሉልታው እንጦጦን ተሻግሮ ሪፈር የተባለበትን ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። የኮሚቴው ደንብ ግን አስተዳደሩ ሳይዋሐድም አንድ ነበር።

ይህንኑ ሥራ ደመወዝ ተቆርጦላቸው የሚሠሩ ሰዎች በዓለም ላይ አሉ። የሕክምና ሥነ ምግባር ባለሙያዎች ወይም ባዮኤቲሲስቶች ይባላሉ። ሐኪሙ «ምን እናድርግ?» ሲል እነሱ «ማን ይወስን? ማን ተጠየቀ? ለማን ተነገረ?» እያሉ ሥራ ያስፈታሉ። ፈላስፋ አለባቸው፣ ሕግ አዋቂ አለባቸው፣ አንዳንዴም የሃይማኖት አባት። ነገረኝነታቸው ግን ከባዶ አልመጣም። ናዚ ሐኪሞች ኑረምበርግ ላይ ሲፈረድባቸው፣ በ1947 እ.ኤ.አ.፣ ሰው ወዶ ካልፈቀደ ሙከራ አይደረግበትም የሚል ደንብ ተጻፈ። ደንቡ በተጻፈበት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት ራሱ አላባማ ውስጥ ቂጥኝ የያዛቸውን ጥቁር ገበሬዎች ሳያክም ይከታተል ነበር። ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ለአርባ ዓመት። ሰዎቹ በሽታቸው ምን እንደሆነ ሲጠይቁ የሚሰጣቸው መልስ «ደማችሁ መጥፎ ነው» የሚል ነበር።

የእኛ ኮሚቴ መልስ ደግሞ «ጨጓራ ነው» የሚል ነው።

ጨጓራ ያልሸፈነው በሽታ የለም። ጉበት ጨጓራ ነው፤ ጣፊያ ጨጓራ ነው፤ ማህፀን ሳይቀር ሲቸግር ጨጓራ ይሆናል። አሠራሩም የታወቀ ነው። ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ያገላብጥና መነጽሩን ያወልቃል። «ቤተሰብ ማን ነው?» ይላል። ሰባት ሰው እጁን ያወጣል። «እስቲ እማማ፣ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን።» እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ ስለ ሆዳቸው የሚደረገው ንግግር ሆዳቸው በሌለበት ይካሄዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልጆቹ ዓይናቸው ቀልቶ ይወጡና «ዶክተሩ በጣም ተደስቷል!» ይሏቸዋል።

ከዚያ በኋላ ምስጢሩን መጠበቅ የመላው ሰፈር ሥራ ይሆናል። ጠያቂ ሙዝና ለስላሳ ይዞ ሲመጣ ግቢው በር ላይ አንድ ሰው ይቀበለዋል። «አደራ፣ አታውቅም።» ጠያቂው እዚያው በሩ ላይ አልቅሶ፣ ፊቱን በነጠላ ጠርጎ፣ ፈገግታ ለብሶ ይገባል። «እንዴት አማረብዎት!» ይላል፤ ያላማረባቸውን ሴትዮ። አንድ ሰው ብቻ እንዳይሰማው የተባለ ነገር ይህን ያህል አፍ ሲዞር የሰበታ ቢራ እንኳ እንዲህ ያለ ማከፋፈያ የለውም።

እዚህ ላይ «ባህላችን ነው» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። መቼም ባህልን ለመጥራት ከእኛ የሚቀድም የለም። የውብዳር በየነ የተባሉ በካሊፎርኒያ የሠሩ ኢትዮጵያዊት የአንትሮፖሎጂ ምሁር በ1992 እ.ኤ.አ. ዌስተርን ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው መጽሔት ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ጽፈዋል። የአሜሪካ ሐኪሞች ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉውን ዜና ፊት ለፊት ዱብ ሲያደርጉባቸው ምን እንደሚፈጠር አስረድተው፣ ነገሩ በቅድሚያ ለቅርብ ዘመድ፣ ጊዜና ሁኔታ ተመርጦ ሊነገር እንደሚገባ መከሩ። ትክክል ናቸው። ነገር ግን የእኛ ኮሚቴ ይህን ወግ እስከ ግማሹ ብቻ ነው የሚያውቀው።

መርዶን ተመልከቱ። ልጁ ሩቅ አገር የሞተበትን አባት ማንም ማታ አይነግረውም፤ ይደርና ይነጋል። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶችና ጓደኞች በሩ ላይ ይሰበሰባሉ። የሚናገረው ሰው ተመርጧል፤ ሰውየው ቢወድቅ የሚይዙትም በግራና በቀኝ ቆመዋል፤ ንፍሮው የሚቀቀልበት ቤት ሳይቀር ታውቋል። ይህ ሁሉ ድግስ ለመደበቅ አይደለም፤ ለመንገር ነው። ወጉ ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ለሕመም ሲሆን ግን የማዘገየቱን ክፍል ወስደን የመንገሩን ክፍል ጣልነው። «ነገ ይነገራታል» ይባላል፤ «ትንሽ ጠንከር ትበል» ይባላል፤ «ለፋሲካ አናስደንግጣት» ይባላል። በመጨረሻ ነገሩን በይፋ የሚያውጀው የእድሩ ጡሩምባ ነው። እሱን ደግሞ እሷ አትሰማውም።

ለምን እንደማይነገራት ሰብሳቢውን ጠይቁት። መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ብንነግራትማ እምቢ ትላለች።»

ይህ መልስ ቡራዩ ውስጥ የተፈለሰፈ እንዳይመስላችሁ። ከሰበታ ወደ አዲስ አበባ ስትገቡ አየር ጤናን አልፎ አለርት አለ። በዚያው ግቢ በ1962 ዓ.ም. የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ያቋቋሙት አርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ይገኛል። ሕዝቡ አህሪ ይለዋል። ስሙ የተወሰደው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 እ.ኤ.አ. ካገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ሃንሰን ባክቴሪያውን አገኘ እንጂ በሽታው በእሱ እንደሚተላለፍ ማስረዳት አቃተው። እንስሳት ላይ ሞከረ፤ አልያዘለትም። ስለዚህ በ1879 እ.ኤ.አ. በርገን ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ተኝታ የነበረችን አንዲት ሴት፣ ከሌላ በሽተኛ ቁስል በተወሰደ ነገር ዓይኗን ወጋት። አልነገራትም፤ አላስፈቀዳትም። ሴትዮዋ ግን ዝም አላለችም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 እ.ኤ.አ. ሃንሰን ከሆስፒታል ሹመቱ ተነሣ።

ለምን አልጠየቅካትም ሲሉት የሰጠው ቃል ደስ ይላል። ሙከራውን እሷ እሱ በሚያይበት ዓይን እንደማታየው አስቀድሞ ገምቶ ነበር። በአጭሩ፣ ብጠይቃት እምቢ ትለኛለች ብዬ ነው አለ። ታላቅ ወንድም ኖርዌይኛ ቢማር ኖሮ የሚናገረው ይህንኑ ነበር። ልዩነታቸው ሃንሰን ለእውቀት ብሎ፣ ወንድም ደግሞ ለፍቅር ብሎ ማድረጉ ነው። የተወጋችው ዓይን ግን ሁለቱን ለይታ የምታውቅ አይመስለኝም።

ዛሬ በዚያው በሃንሰን ስም በሚጠራው ተቋም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ተቀምጦ «ጥናታችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ሰዎቹን እንዴት እንደምታስፈቅዱ በጽሑፍ አሳዩን» እያለ ተመራማሪዎችን ያመላልሳል። ስሙን ከበሩ ላይ አለማውረዳቸው ጥሩ ነው፤ ኮሚቴው ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስታውስ ከዚህ የተሻለ ታፔላ አይገኝም።

ጠይቆ መሥራት ሥራን ያጓትታል የሚለውም ወሬ እውነት አይደለም። ወላይታ ውስጥ በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ ኖረው እግራቸው የሚያብጥባቸው ሰዎች አሉ። በሽታው ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ፋሲል ተኮላና ጓደኞቻቸው በሽታው ከዘር ጋር ያለውን ግንኙነት ሊያጠኑ ሲሄዱ ደም ከመቅዳታቸው በፊት ሌላ ጥናት አስቀደሙ። ጥያቄው «እንዴት አድርገን ብንጠይቃችሁ ይሻላል?» የሚል ነበር። ሰዎቹም የፈሩትን ተናገሩ፤ «በዘር የሚመጣ ነው» የሚል ወሬ ከወጣ በእነሱ ላይ ያለው መገለል ይብሳል። ተመራማሪዎቹ አነጋገራቸውንም አቀራረባቸውንም በዚያ መሠረት አስተካከሉ። ስለ አጠያየቁ የጻፉት በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ የዘሩ ጥናትም አልቀረም፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ ታተመ። ያን የመሰለ መጽሔት ላይ ለመድረስ መንገዱ ገበሬን በማክበር በኩል የሚያልፍ መሆኑ ሳይደንቅ አይቀርም።

ወደ እኛ የፈቃድ ወረቀት ስንመለስ ግን ሌላ ጨዋታ ነው። ወረቀቱ አንዳንዴ በእንግሊዝኛ ነው፤ ታማሚው ደግሞ የሰበታ ገበሬ ናቸው፣ የሚያውቁት ኦሮምኛ ነው። ሐኪሙ በአማርኛ ማደንዘዣው ምን እንደሆነ፣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፣ ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ ላቡ እስኪወርድ ያስረዳል። የወንድማቸው ልጅ አዳምጦ ሲጨርስ ወደ አጎቱ ዞሮ ይተረጉማል፦ «መለቴሲ ጄዻ።» ፈርም ይልሃል። አዛውንቱ አውራ ጣታቸውን ቀለም ያስነክራሉ። ሐኪሙም «ተረድተዋል» ብሎ ሳጥኗ ውስጥ ምልክት ያደርጋል።

ሴት ስትሆን ደግሞ ጣቱም የሌላ ሰው ነው። ሱሉልታ ውስጥ ዕቁብ የምትሰበስብ፣ የባንክ ብድር ፈርማ ላም የገዛች፣ ለባሏ ዋስ የቆመች ሴት ልትወልድ ትገባለች። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል ሲባል «ባል የት አለ?» ይባላል። ባል ጎጃም መንገድ ላይ ሲኖትራክ ይነዳል፤ ኔትወርክ የለውም። ሴትዮዋ ምጥ ላይ ሆና ስልክ ትደውልለታለች። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 20 ማንም ሰው በማናቸውም ጊዜ የሕክምናም ሆነ የቀዶ ሕክምና ምርመራና ሕክምና አልፈልግም የማለት መብት አለው ይላል። አንቀጹ ውስጥ ባል የለም፤ ታላቅ ወንድምም የለም። የአሜሪካው አጎትማ ጭራሽ አልታሰበም።

ይህን ሁሉ ሳይ በሽተኛ አፍ የለውም ብዬ ልደመድም ነበር፤ መድኃኒት ቤት ባልገባ። እዚያማ በሽተኛው ንጉሥ ነው። «አሞክሳሲሊን፣ አራት ፍሬ ብቻ» ብሎ ያዛል። ኮርሱን ካልጨረስክ ባክቴሪያው ይለምደዋል ቢሉት «እኔ ሰውነቴን አውቀዋለሁ» ይላል። ክሊኒክም ቢሄድ «ታይፎይድና ታይፈስ እዩልኝ» ብሎ ምርመራውን ራሱ ያዛል። ታይፎይዱ የሚታይበት ዊዳል የተባለው ምርመራ የመጣው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ እንደ እኛ ባለ አገር አንዴ ብቻ ተሠርቶ እንደማይታመን ባለሙያዎች ደጋግመው ተናግረዋል። በሽተኛው ግን ውጤቱ ባዶ ከሆነ ቅር ይለዋል። መርፌ ያልወጋ ሐኪምማ ሐኪምም አይደለም። እንግዲህ የባዮኤቲክስ ሰዎች «የታካሚው በራሱ የመወሰን መብት» የሚሉት ነገር በእኛ ከተሞች በመርፌና በአሞክሳሲሊን ላይ ሙሉ በሙሉ ተከብሯል።

ምስጢርም እንዲሁ ነው፤ በወረቀት አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጣን ሐኪምም ፋርማሲስትም ይቀጣል። ኮሪደሩ ግን ሕጉን አላነበበም። «የሽንት ውጤት፣ ወይዘሮ እገሊት!» ተብሎ ስም ከነአባት ይጠራል፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ አንገቱን ያዞራል። ይህን የሚያውቀው የሰበታ ሰው የማይነገር በሽታ ከያዘው መድኃኒቱን ለመውሰድ አዲስ አበባ ይሄዳል። በተመሳሳይ ምክንያት የአዲስ አበባው ሰበታ ይመጣል። ዓለም ገና ላይ ሚኒባሶቻቸው ይተላለፋሉ። ክፋቱ ሁለት ጎረቤታሞች እዚያው ሩቁ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ የተገጣጠሙ ዕለት ነው።

«ምነው፣ በደህና?»

«ሰው ልጠይቅ መጥቼ። አንተስ?»

«እኔም ሰው ልጠይቅ።»

ጸበሉን ላልፈው ነበር፤ ግን ከሱሉልታ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በእንጦጦ በኩል ነው፤ ኮሚቴውም እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ጸበል ይላል፤ ግማሹ ሆስፒታል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ታማሚዎች መድኃኒቱንም ጸበሉንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። አባት የፈቱትን ነገር ልጆች እስካሁን ያስሩታል፤ መኪናው እየጋለ ክርክሩ ይቀጥላል። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠውን በሽተኛ «አንተስ ምን ይሻልሃል?» ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አንዲት ለጋ ሐኪም ጠየቀች ሲሉ ሰማሁ። ታማሚዋ ወተት ሸጠው ስድስት ልጅ ያሳደጉ የሱሉልታ እናት ናቸው። ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ክፍሉን ሞልቶታል፤ የአሜሪካውም አጎት ስልክ ላይ በድምፅ ማጉያ ተገኝቷል። ልጆቹ እናታቸውን ለማስወጣት ሲያንሾካሹኩ ሐኪሟ «ይቀመጡ» አለች። ከዚያም ወንበሯን ጎተት አድርጋ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ታላቁ ልጅ ጉሮሮውን ጠረገና «እሷ እንኳ…» ብሎ ጀመረ።

«እርስዎን አይደለም ጋሼ።»

እማማ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ ተመለከቱ። «እንግዲህ ልጆቼ ያሉትን ነው» አሉ። ሰብሳቢው ትከሻው ሰፋ። እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ ኮሚቴው አሸነፈ የሚለውን አልቀበልም፤ ውሳኔን ለልጆች አደራ መስጠት አንድ ነገር ነው፣ በሌሉበት መነጠቅ ሌላ። ሐኪሟም ይህ ሳይገባት አልቀረም፤ ወዲያው አልጻፈችም፤ ጠበቀች። እማማም ቀጠሉ።

«ብቻ ቢላዋውን አልፈልግም። ቡናዬንም እንዳይከለክሉኝ። ይሄ በስልክ የሚጮኸውንም ዝጉልኝ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ፤ «ካንሰሩን እንደሆነ ከጥምቀት ጀምሮ አውቄዋለሁ። ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ኮሚቴው ተግተልትሎ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ የአሜሪካው አጎትም እንደገና ተደወለለት። አጀንዳው ግን ቢላዋው አልነበረም፤ ቡናውም አልነበረም። «ማን ነገራት?» የሚል ነበር።